ስቶማው ሲደማና ዙሪያው ሲቆስል

አንጀት ተቆርጦ ሆድ ላይ መውጫ፣ ማለትም ስቶማ፣ የተሠራለት ሰው የምታስታምሙ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ።

እናቴ ስቶማ ላይ የሚለጠፈውን የሰገራ መያዣ ከረጢት መጀመሪያ የቀየርኩ ቀን ጨርቁ ላይ ደም ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለካ ስቶማ በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ሲጠረግ እንደ ድድ ትንሽ ይደማል። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ቀስ አድርጎ መያዝ ይበቃል። ደሙ ከውስጥ ከመጣ፣ አልቆም ካለ፣ ወይም ስቶማው ከጠቆረ ግን ነገ አትበሉ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት!

ዙሪያው ያለው ቆዳ ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነስ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ስቶማው እንዲገባበት ከረጢቱ ላይ የምንቆርጠው ቀዳዳ መስፋቱ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት 6 እስከ 8 ሳምንታት እብጠቱ ስለሚቀንስ ስቶማው ያንሳል። እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ልክ መቁረጥ ቀጥለናል! ሰገራው በክፍተቱ እየገባ ቆዳዋን ላጠው። አሁን በየቅያሪው እንለካለን፤ ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተን እንቆርጣለን። ለብ ባለ ውሃ አጥበን በደንብ እናደርቃለን። ቫዝሊን በጭራሽ፤ ከረጢቱ አይጣበቅም። ሲሶው ሲሞላ ደግሞ አፍስሱት፤ ከከበደ ይላቀቃል።