ለወላጆች ቤት የደረጃ ሊፍት እንዴት ይመረጣል?

አሜሪካ ያሉ ብዙ ቤቶች ሳሎናቸው ታች፣ መኝታቸው ፎቅ ነው። የእናት ወይም የአባት ጉልበት ሲደክም መጀመሪያ ፈተና የሚሆነው ያ ደረጃ ነው። የደረጃ ሊፍት በደረጃው ዳር በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ሰው አስቀምጦ የሚወጣና የሚወርድ ወንበር ነው።

ሻጭ ከመጥራትዎ በፊት የሚቀመጡበትን ሰው በደንብ ይዩ። ጉልበታቸው በደንብ የማይታጠፍ ከሆነ እግራቸው ወደ ፊት ስለሚወጣ ጠባብ ደረጃ ላይ ግድግዳውን ይነካል። ክብደታቸውንም ይወቁ፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚችሉት እስከ 300 ፓውንድ (136 ኪሎ ገደማ) ነው። ወንበሩ የሚሄደው ቁልፉ ተጭኖ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ጣታቸውን ቁርጥማት የያዘው ሰው ቁልፉን ራሳቸው ይሞክሩት። የመርሳት ሕመም ካለ ግን ብቻቸውን እንዲጠቀሙ አይተዉ።

ቀጥሎ ደረጃው ይለካል። ወርዱ ከ28 ኢንች ካነሰ አማራጩ ይጠባል። ቀጥ ላለ ደረጃ ከነማስገጠሚያው አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 እስከ 5,000 ዶላር ይጠየቃል፤ ለሚታጠፍ ደረጃ 10,000ን ያልፋል። የታጠፈ ሐዲድ ለዚያ ደረጃ ብቻ ተለክቶ ስለሚሠራ መልሶ መሸጥ ከባድ ነው። ያገለገለ መግዛት የሚያዋጣው ቀጥ ላለው ነው። ሐዲዱ የሚታሰረው ከመርገጫዎቹ ጋር ስለሆነ ግድግዳው አያሳስብዎ። ታች ሐዲዱ በር የሚዘጋ ከሆነ ጫፉ የሚታጠፍ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የላይኛውን ጫፍ ይመርምሩ። ወንበሩ ፎቅ ሲደርስ ፊቱን ወደ ፎቁ ወለል አዙሮ መቆለፍ አለበት። ካልዞረ ሰውየው የሚነሱት ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነው፤ ለመውደቅ ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። በእጅ ማዞር የሚያቅታቸው ከሆነ በሞተር የሚዞረውን ይግዙ፤ የሚጨመረው ገንዘብ አይቆጭም። እዚያው ግድግዳ ላይ የሚይዙት ብረትም ያስገጥሙ።

አብዛኛዎቹ ሊፍቶች የሚሠሩት በባትሪ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሰው መሐል መንገድ ላይ አይቀርም። ብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪ የሚሞሉት ግን ሐዲዱ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ነው፤ መሐል ላይ ከተተዉ ባትሪው ያልቃል። ሌላው የተለመደ ስህተት፣ ቻርጀሩን በግድግዳ ማብሪያ በሚጠፋ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። አንድ ሰው መብራት ላጥፋ ብሎ ማብሪያውን ሲጫን ባትሪ መሙላቱም ይቆማል።

መደበኛው ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ለደረጃ ሊፍት አይከፍልም። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) በአንዳንድ ግዛቶች ሊረዳ ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ወራት ብቻ ከሆነ መከራየት ይሻላል። ቤት መጥቶ ሳይለካ ዋጋ ለሚቆርጥ፣ «ዛሬ ከፈረሙ ቅናሽ አለ» ለሚልም ሻጭ አይፈርሙ። ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ወይስ የሠራተኛውንም ክፍያ እንደሚሸፍን፣ ሲበላሽ በስንት ቀን እንደሚመጡ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የተገጠመ ዕለት ገጣሚው ሳይሄድ ይፈትኑት። መርገጫ ላይ ትራስ ያስቀምጡና ባዶውን ወንበር በሪሞት ያውርዱት፤ የእግር ማሳረፊያው ትራሱን እንደነካ መቆም አለበት። ከዚያ ተጠቃሚው ቀበቶ አስረው ሁለት ሦስቴ ይመላለሱበት። እናት ነጠላ ከለበሱ፣ ጫፉ ወደ ሐዲዱ ጥርስ እንዳይገባ ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት ጭናቸው ላይ ይሰብስቡት። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ማስነሻ ቁልፉን ነቅለው ያስቀምጡ።