ርችትና ነጎድጓድ የሚያስፈራውን ውሻ እንዴት እንርዳው?

ርችት በሚተኮስበት ምሽት ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ ሲንቀጠቀጥበት የሚጨነቅ ሰው መፍትሔውን የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ግን ከማስታገስ ያለፈ ነገር ማድረግ አይቻልም። ፍርሃቱን ከሥሩ የሚነካው ሥራ የሚሠራው ምንም በማይፈነዳባቸው ጸጥተኛ ወራት ነው፤ ስለዚህ ምሽቱን የማሳለፍና ውሻውን የማለማመድ ጉዳዮች ለየብቻ ሊታዩ ይገባል።

መንቀጥቀጡንና መደበቁን ማንም ሰው ይለያል። ቀድመው የሚመጡትን ጥቃቅን ምልክቶች ማወቅ ግን የበለጠ ይጠቅማል። የፈራ ውሻ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ይታያል፣ ከክፍል ክፍልም ይንቆራጠጣል። ከሁሉም ይልቅ የምተማመንበት ምልክት ምግብ እምቢ ማለቱ ነው። ሌላ ቀን ከእጅዎ የሚቀማውን ጉርሻ ዛሬ አሽትቶ ከተወው፣ ጭንቀቱ ትምህርት ሊቀበል ከሚችልበት ደረጃ አልፏልና በዚያ ሰዓት ለማሠልጠን መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ እኛ ልብ የማንለውን ደካማ ድምፅም ይይዛል። ሆኖም ችግሩ የጆሮ ንቃት ብቻ አይደለም። ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነፋሱም ይነሣል፤ ርችት ግን ሳይታሰብ ይፈነዳል፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ መቼ እንደሚያበቃም አይገመትም። ውሻው በጊዜ ብዛት ይለምደዋል ብሎ መተው ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ፍርሃቱ እየተደጋገመ ሲሄድ ይበረታል፣ ይዛመታልም። ዘንድሮ ከርችት የሸሸ ውሻ ከጊዜ በኋላ በር ሲላተምም ሊደነግጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምክር መነሣት አለበት፤ እርሱም «ሲፈራ አታባብለው፣ ፍርሃቱን ታበረታበታለህ» የሚለው ነው። ይህ ምክር ስሜትንና ተግባርን ያደባለቀ ነው። ውሻ ሲቀመጥ ጉርሻ ከተሰጠው መቀመጥን ያዘወትራል፤ መቀመጥ ወዶ የሚያደርገው ተግባር ነውና። ፍርሃት ግን ወዶ የሚያደርገው ነገር ስላልሆነ፣ ስለታቀፈ ብቻ የበለጠ የሚፈራ ውሻ የለም። ወደ እርስዎ መጥቶ ከተጠጋ ያስጠጉት፣ ረጋ ባለ ድምፅም ያናግሩት። መደበቅን ከመረጠ ደግሞ ከተደበቀበት ጎትተው አያውጡት። መቆጣትና መምታት በፍርሃት ላይ ሌላ ፍርሃት መጨመር ነው።

ምሽቱን በተመለከተ ዝግጅቱ በቀን ይጀምራል። ውሻው ገና ሳይመሽ በደንብ ይንሸራሸር፣ ይጸዳዳ፣ ራቱንም ቀደም ብሎ ይብላ። ከጨለመ በኋላ ወደ ግቢ መውጣት ካለበት አጥሩ የቱንም ያህል ከፍ ቢል በማሰሪያ ተይዞ ይውጣ፤ የደነገጠ ውሻ በሌላ ጊዜ የማይሞክረውን አጥር ይዘላል። በሰንሰለት ታስሮ ውጭ የሚያድር ውሻ ከሁሉም የከፋ አደጋ ላይ ነው፤ መሸሽ አይችልም፣ ለመሸሽ ሲታገልም ሊታነቅ ይችላል። የአንገቱ ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥርዎ ይጻፍ። ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ካለው ባለ 15 አኃዙ ቁጥር የተመዘገበበት መዝገብ ላይ የአሁኑ ስልክዎ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ማይክሮቺፕ ሲነበብ ቁጥሩን ብቻ የሚሰጥ እንጂ የጠፋ ውሻ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ አይደለም።

በቤት ውስጥ መስኮት የሌለውን ወይም ከመንገድ የራቀውን ክፍል ይምረጡ። መጋረጃው ሲዘጋ ብልጭታው ይቀራል፤ ቬንትሌተር ወይም ሙዚቃ ደግሞ የሩቁን ፍንዳታ ይሸፍናል፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ርችት ከመተኮሱ በፊት መከፈት አለበት። ውሻው የሚያውቀው ምንጣፍ፣ የእርስዎ ጠረን ያለበት አሮጌ ልብስና ውኃ ይቀመጥለት። ክፍሉን በዕለቱ ብቻ ከማዘጋጀት ይልቅ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ጉርሻ የሚገኝበት ደስ የሚል ቦታ ማድረግ ይሻላል። በሩ ግን አይቆለፍበት። ሳጥን ወይም ጠባብ ክፍል ያልለመደ ውሻ በድንጋጤ ሲዘጋበት በሩን ሲቧጥጥና ሲነክስ ጥርሱን ሊሰብር፣ ጥፍሩንም ሊነቅል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። በጸጥታው ወቅት የርችት ድምፅ ቅጂ ያግኙ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ የፍንዳታውን ወፍራም ጉምታ ማውጣት ስለማይችል ሻል ባለ ስፒከር ቢያጫውቱት ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን ድምፁ እጅግ ዝቅ ይበል፤ እርስዎ ጆሮዎን ካላቀረቡ በቀር በቅጡ እስከማይሰሙት ድረስ። ውሻው ምንጣፉ ላይ ዘና ብሎ ተኝቷል እንበል። አንዲት ደካማ «ቡም» ተሰማች፤ አንድ ጆሮው ወደ ስፒከሩ ዞር አለ፣ ሰውነቱ ግን ከቦታው አልተነሣም። እርስዎ የሚፈልጉት ልክ ይህን ነው። ወዲያውኑ፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ሌላ ጊዜ የማያገኘውን ጣፋጭ ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ዶሮ ቁራሽ፣ ይስጡት። ቀጥሎ ዝም ይበሉ፤ ድምፁ እስኪደገም ድረስ ጉርሻም የለም።

ቅደም ተከተሉ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ምግብ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ይህን ገልብጬ፣ ውሻዬ እንዳትደነግጥብኝ በማሰብ ሥጋውን አስቀድሜ እየሰጠሁ ድምፁን አስከትል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሥጋውን ዕቃ ስከፍት ክፍሉን ጥላ መውጣት ጀመረች፤ ለካስ ያስተማርኳት የሥጋ ሽታ የፍንዳታ ምልክት መሆኑን ነበር። ነገሩ የሩሲያዊው ሳይንቲስት የኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ምግብ ከመቅረቡ በፊት በሚሰሙት ድምፅ ለሃጫቸውን ማዝረብረብ ከመልመዳቸው ጋር አንድ ነው። (ፓቭሎቭ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በዚህ ሳይሆን በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ጥናት ነው።)

ልምምዱ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት ውሻው እንደሰማው በደስታ ወደ እጅዎ መመልከት ሲጀምር ብቻ ነው፤ ያኔም በትንሹ። ከተነሣ፣ ካለከለከ ወይም ጉርሻውን ከተወ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእርስዎ ፍጥነት ነውና ወደ ቀድሞው ዝቅተኛ መጠን ይመለሱ። በየክፍሉ፣ በቀንም በማታም መለማመድ ይገባል። ለብዙ ውሾች ይህ የሳምንታት፣ ለአንዳንዶቹም የወራት ሥራ ነው። ቅጂ የእውነተኛውን ርችት ብልጭታም ሆነ ንዝረት ስለማይዝ ፍጹም ውጤት አይጠበቅ። እውነተኛው ፍንዳታ ሲመጣ፣ ውሻው መብላት እስከቻለ ድረስ፣ ከእያንዳንዱ ድምፅ በኋላ ጉርሻውን ይቀጥሉለት። ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ልዩ ልዩ ድምፆችን በልኩና ከደስታ ጋር የሰማ ቡችላ በኋላ የመፍራት ዕድሉ ያነሰ ነው።

ውሻው ራሱን እስኪጎዳ ድረስ የሚሸበር ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ማማከር የሽንፈት ምልክት አይደለም። ቀድሞ የማይፈራ በዕድሜ የገፋ ውሻ በድንገት ድምፅ መፍራት ከጀመረ በተለይ ይመርመር፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ውሻ በድንጋጤ ሰውነቱን ባኮማተረ ቁጥር ስለሚያመው ድምፁን ከሕመሙ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ከመድኃኒቶቹ መካከል በአሜሪካ ለድምፅ ፍርሃት የተፈቀደው የዴክስሜዴቶሚዲን ጄል በጉንጭና በድድ መካከል የሚደረግ ሲሆን፣ ከተዋጠ ኃይሉ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ሲታዘዝ የኖረው አሴፕሮማዚን ግን ብቻውን ሲሰጥ ሰውነቱን ያደነዝዛል እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋም፤ ውሻው እየፈራ መንቀሳቀስ ብቻ ያቅተዋል። ይህ መድኃኒት ብቻውን ከታዘዘልዎ ሌላ አማራጭ ስለመኖሩ ይጠይቁ። የትኛውም መድኃኒት ቢሆን ከዋናው ምሽት በፊት በጸጥተኛ ቀን ይሞከር፤ ለሰው የታዘዘ ማረጋጊያ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጥ።

በማግስቱ ጠዋት ውሻውን ከመልቀቅዎ በፊት ግቢውን ይዙሩት። የርችት ቅሪት ለውሻ መርዛማ የሆኑ ኬሚካሎች ስላሉት ተለቅሞ ይጣል። የምሽቱ ጭንቀት እስከ ቀጣዩ ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዘግይታ የተተኮሰች አንዲት ርችት ብታስበረግገው እንዳያመልጥዎት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከማሰሪያው አይፍቱት።