ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን ከመስጠታችሁ በፊት፦ በኢንተራፕት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ የቆየ የድምፅ ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን ሰጥቼ ማሽኑን ሳስነሳው የሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑን የተሸከመው የዋናው ኮምፒውተር) ኪቦርድ ተንቀረፈፈ። ፊደል ስጫን ቆይቶ ነው የሚመጣው። የከርነሉን መልእክት ስከፍት ኢንተራፕት 16 ተቀባይ አጥቶ ተዘግቷል። ኢንተራፕት መሣሪያ ፕሮሰሰሩን «ስማኝ» ብሎ የሚጠራበት ምልክት ነው።

ጎረቤቱን ሳያዩ መስጠት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በድሮው የፒሲአይ (ካርዶች ማዘርቦርድ ላይ የሚሰኩበት መስፈርት) አሠራር ብዙ መሣሪያዎች አንድ የኢንተራፕት መስመር ይጋራሉ። ሦስት ተከራይ ያለበት፣ ደወሉ ግን አንድ የሆነ ግቢ አስቡ። የተፈለገው ሰው ወጥቶ እስኪከፍት ደወሉ አያርፍም። የሆስቱ ድራይቨር ይወጣል፣ «የኔ እንግዳ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። የካርዱ ድራይቨር ያለው ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ነው። ከ100,000 ጥሪ ከ99,900 በላይ የሚሆነው ባለቤት ካጣ ሊኑክስ መስመሩን ይዘጋዋል። ምንም ያላጠፋው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ አብሮ ይቀጣል። የኔ ኪቦርድ የተሰካው እዚያ ላይ ነበር።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ፕሮክ ሥር ያለውን የኢንተራፕት ዝርዝር (/proc/interrupts) ክፈቱ። አንድ ቁጥር ፊት ሁለት ሦስት ድራይቨር በኮማ ተለይቶ ከተጻፈ መስመሩ የጋራ ነው።

ካርዱ ዝም ማለት መቻሉን አለማጣራት። በ2002 የወጣው ፒሲአይ 2.3 የካርዱን ጥሪ ከራሱ ከካርዱ ማፈን የሚቻልበት ቢት አመጣ። ቪኤፍአይኦ (ካርዱን ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስረክበው የሊኑክስ ክፍል) መስመር ማጋራት የሚችለው በዚህ ነው። ካርዱ ይህ ከሌለው መስመሩን ለብቻው ይፈልጋል፤ ካላገኘ ቨርቹዋል ማሽኑ «መሣሪያው ተይዟል» ብሎ አይነሳም። ካርዱን ሌላ ስሎት ላይ ሞክሩት፣ ወይም የማትጠቀሙበትን ጎረቤት ከባዮስ አጥፉ። አዲስ ካርድ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ኤምኤስአይን መርሳት። ኤምኤስአይ አዲሱ የኢንተራፕት አላላክ ነው። ደወል አይደውልም፤ ካርዱ በቀጥታ ሜሞሪ አድራሻ ላይ መልእክት ይጽፋል። የሚጋራ መስመር የለም። ካርዱ ቢችልም በዊንዶውስ እንግዳ ማሽን (ሆስቱ ላይ በሚሠራው ቨርቹዋል ማሽን) ውስጥ ድራይቨሩ ሳያበራው ሊቀር ይችላል። ድምፅ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ጋ ፈትሹ። በሬጂስትሪ ይበራል፤ ከመንካታችሁ በፊት ግን ባክአፕ ያዙ።

የአይኦኤምኤምዩ ቡድንን ከመስመር ጋር ማምታታት። አይኦኤምኤምዩ መሣሪያዎች የትኛውን ሜሞሪ መንካት እንደሚችሉ የሚቆጣጠር ክፍል ነው፤ መሣሪያዎችንም በቡድን ይለያል። ካርዱ ለብቻው ቡድን አለው ማለት መስመሩም የብቻው ነው ማለት አይደለም። ሁለቱንም እዩ።

አደገኛ ኢንተራፕት መፍቀድ። ኢንተራፕት ሪማፒንግ (ከመሣሪያ የሚመጣውን ኢንተራፕት የሚያጣራ የሃርድዌር ጥበቃ) በሌለው ማሽን ላይ ቪኤፍአይኦ አልነሳም ሲል፣ ብዙ ሰው የጥበቃ ማለፊያውን አብርቶ ይቀጥላል። ያኔ እንግዳው ማሽን የሐሰት ኢንተራፕት ወደ ሆስቱ መላክ ይችላል። የቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ የምታምኑት ማሽን ብቻ ካለ፣ ይሁን። ሌላ ሰው የሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን በፍጹም አታብሩት።