ቅብብል ከሜዳ እስከ መድረክ፦ የባንድ አባላት በእግር ኳስ መደማመጥን የሚለማመዱበት መንገድ

ባንድ ሲቋቋም ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው የእያንዳንዱ ሰው ችሎታ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ጣት ፈጣን ነው፣ ድምፃዊዋ ከፍታውን ያለ ጭንቀት ትወጣዋለች፣ ድራም የሚመታው ልጅ ችክችካውን አሳምሮ ያውቀዋል። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ድምፃዊዋ ትንፋሽ ስትወስድ ኪቦርዱ ክፍተቱን ሊሞላ ይሮጣል፣ ጊታሩም ይከተለዋል፣ አድማጩም ዘፈኑ ቀርቶ ግርግሩ ብቻ ይደርሰዋል። ይህን በልምምድ ክፍል ውስጥ በቃል ለማረም ሲሞከር ነገሩ ቶሎ ወደ ቅያሜ ይሄዳል። በባሕር ዳር ከሠርግ ባንድ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ከምክር ሁሉ የበለጠ ሲሠራ ያየሁት፣ አባላቱ በሳምንት አንድ ቀን አብረው ኳስ መጫወታቸው ነው።

ምክንያቱ በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል። ከመሪው ድምፃዊ ጋር የሚዘፍኑትን «ተቀባዮች» እንላቸዋለን፤ በአዝማሪ ቤት ግጥም የሚሰጥ ታዳሚ «ተቀበል!» ይላል፤ ሜዳ ላይ ኳስ ከእግር ወደ እግር ስትሄድ «ቅብብል» እንላለን። አዝማሪው ግጥሙን ሲቀበል አፉን ዘግቶ ያዳምጣል፤ ማሲንቆው ግን አይቆምም፣ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ጥሩ ኳስ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ኳሷ እግሩ ሥር የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ ለጓደኛው ቦታ ይከፍታል፣ የተጋጣሚን ሰው ይዞ ይሄዳል፣ የተሳሳተ ኳስ ቢመጣ ሊሸፍን ይጠብቃል። ለሙዚቀኛም ከባዱ ትምህርት ይኸው ያለ ኳስ የሚሠራው ሥራ ነው።

የቀድሞዎቹ ባንዶች ይህን በሌላ መንገድ አግኝተውታል። ስሙን ከብሔራዊ ቡድናችን ጋር የሚጋራው ዋሊያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወት፣ አባላቱ ሌሊት ከሌሊት አንድ መድረክ ላይ ነበሩ። የዛሬ የሠርግ ባንድ አባላት ግን አንዳንዴ የሚገናኙት ዕቃ ሲጫን ነው፤ ስለዚህ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። በሃምሳ አምስቱ ቀን ሠርግ ስለማይኖር የባንዱ ቅዳሜና እሑድ ነፃ ይሆናል። ከአባላቱ መካከል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ካሉ ጨዋታው ጧት መሆን የለበትም፤ ባዶ ሆድና ያለ ውኃ መሮጥ ሰውን ይጎዳል። እህል ከቀመሱና ትንሽ ካረፉ በኋላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የጣና ነፋስ ሙቀቱን ማብረድ ሲጀምር ቢጫወቱ ይመረጣል። ሜዳው የሰፈር ሜዳ ቢሆን ይበቃል። ስድስት አባላት ብቻ ካሏችሁ ድምፅ የሚቆጣጠረውን ባለሙያ፣ ተወዛዋዦቹንና ሹፌሩን ጨምሩ፤ በተለይ የድምፅ ባለሙያው ከጨዋታው ውጭ መቅረት የለበትም፤ መድረክ ላይ የሁሉንም ድምፅ የሚያመጣጥነው እርሱ ነውና።

ወዲያው ግጥሚያ አትግጠሙ። መጀመሪያ ክብ ሠርታችሁ አንድ ሰው መሃል ይግባ፤ ሌሎቹ በሁለት ንክኪ እየተቀባበሉ ኳሷን እንዳይነጥቃቸው ያድርጉ። ለአሥር ደቂቃ ያህል እንደ ልማዱ «ሰው አለብህ!»፣ «ብቻህን ነህ!» እየተባባላችሁ ተጫወቱ። ቀጥሎ ንግግር ይከልከል። ያኔ ዓይን ሥራውን ይጀምራል፤ ማን ዝግጁ እንደሆነ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ ያለ ቃል መታወቅ አለበት። መድረክ ላይ ሞኒተሩ (ወደ ሙዚቀኞቹ የዞረው ድምፅ ማጉያ) ሲጮህ በአፍ መነጋገር ስለማይቻል፣ የዘፈኑ መዝጊያ ሲደርስ የሚያድነው ይህ የዓይን ልምድ ነው። በሦስተኛው ዙር ቤዝ የሚጫወተው ሰው ችክችካውን በጭብጨባ ይምታ፣ ኳሷም በጠንካራው ምት ላይ ብቻ ከእግር ትነሣ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይቸኩላል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን ምቱን መጠበቅ ይለመዳል።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ተከፍላችሁ ተጫወቱ፤ ሕጉም የቡድኑ ሰው ሁሉ ኳሷን ሳይነካ ግብ አይቆጠር የሚል ይሁን። ቦታም ተለዋወጡ። ሁልጊዜ ከፊት የምትቆመው ድምፃዊት ተከላካይ ትሁን፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው የድራም ተጫዋች አጥቂ ይሁን። ከኋላ ሆኖ ሜዳውን ሁሉ ማየት ምን እንደሚመስል፣ ከፊት ሆኖ ኳስ ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚሰማ ሁለቱም ይረዱታል። ኳስ ያስነጠቀ ሰው ሮጦ ለማስመለስ ይሞክር እንጂ ማንም አይውቀሰው። ግብ ሲገባ ኳሷ ወደ መሃል ተመልሳ ጨዋታው እንደሚቀጥል ሁሉ፣ መድረክ ላይም ኖታ ለሳተ ሰው ፊትን ማዞር የተመልካቹን ዓይን ወደ ስሕተቱ ከመሳብ በቀር ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ጉዳት በግልጽ መናገር ይገባል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ጊታር ወይም ኪቦርድ የሚጫወት ሰው በረኛ አይሁን፤ አንድ የታጠፈ ጣት የወር እንጀራ ያሳጣል። ትርኢት ባለበት ቀን አትጫወቱ፤ ድምፃውያንም ሜዳ ላይ መጮህ የለባቸውም። ቦብ ማርሌ ኳስን እጅግ ይወድ ነበር፤ ከባንዱ ጋር አዘውትሮ ይጫወት ነበር፣ የጃማይካው ኳስ ተጫዋች አለን ኮልም በሙዚቃ ጉዞው አብሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጫወት የእግሩ ጣት ተጎዳ፤ በምርመራውም ከጥፍሩ ሥር የቆዳ ካንሰር ተገኘ። ካንሰሩን ያመጣው ኳሱ አልነበረም፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሲያርፍ ግን ሕመሙ በሰውነቱ ተሰራጭቶ ነበር። ስለዚህ ቶሎ የማይድን ቁስል ወይም ከጥፍር ሥር የማይጠፋ ጥቁረት ያየ አባል ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ብዙ ባንዶች የሚዘሉት ደረጃ ከጨዋታው በኋላ ያለው ነው። ላቡ ሳይደርቅ ወደ ልምምድ ክፍል ገብታችሁ አንድ ዘፈን ብቻ ውሰዱ፤ የትዝታ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ስለሚል ለመነሻ ይመቻል። ድምፃዊዋ ስትዘፍን ኳሷ እርሷ ዘንድ ናት፤ ከምት ክፍሉ (ከድራሙና ከቤዙ) ሌላ የሚያጅባት አንድ መሣሪያ ብቻ ይሁን። ስንኙን ስትጨርስ ለማን እንደምታቀብል በዓይኗ ታሳይ፣ የተቀበለውም አራት ምት ተጫውቶ ይመልስላት። በዚህ መንገድ ያልተጠራ መሣሪያ ዝም ማለትን ይማራል፤ ዝምታውም ከሥራው እንደሚቆጠር ይገባዋል።

ኳስ ደካማ ግጥምን አያሻሽልም፣ ያልተጠና ቅንብርንም አያድንም። ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ዘፈን በስልክ ቅዱ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲጀምር ያንኑ ዘፈን ደግማችሁ ቅዱና በድምፃዊዋ ስንኞች መካከል ስንት መሣሪያ እንደሚሰማ ቁጠሩ።