ስፕሪንክለር ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ሲያፈስ፦ የአሮጌ ኮፕሊንግ ችግርና መፍትሄ

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል፤ ሲከፈት ውሃው የሚንጠባጠበው ከስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጭ ሲስተም) ቧንቧው መጋጠሚያ ነው። ብዙ ባለሙያ ቶሎ ብሎ ቡሎኑን ያጠብቃል። የኮፕሊንጉ (ሁለት ቧንቧዎችን አቅፎ የሚያገናኘው የብረት ማሰሪያ) ሁለት ግማሾች ብረት ለብረት ከተገናኙ ግን ማጥበቅ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ቡሎኑ ይበጠሳል ወይም ቡሎኑ የሚገባበት ጆሮ ይሰነጠቃል። ውሃውን የሚይዘው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ጋስኬቱ፣ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት

ለሕንፃው ኃላፊና ለጥበቃ ያሳውቁ፣ የዞኑን ቫልቭ ይዝጉ፣ ከዚያ ውሃውን በማፍሰሻው ያስወጡ። ቫልቩ ሳይዘጋ ውሃ ከለቀቁ ግፊቱ ሲወርድ የእሳት ፓምፑ በራሱ ይነሳል። ጌጁ ዜሮ ካነበበ በኋላም ዳዶዎቹን ጥቂት ዙር ብቻ አላልተው ኮፕሊንጉን ነቅነቅ ያድርጉት፤ የተረፈ ግፊት ካለ በዚያ ይተነፍሳል። ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ሲስተሙን የሚዘጋ ከሆነ የእሳት ጠባቂ ያስመድቡ፤ ኤንኤፍፒኤ 25 (የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር የፍተሻና ጥገና ደረጃ) ከሚያስቀምጣቸው አማራጮች አንዱ ይህ ነው።

ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ያንሱና ብረቱ ላይ በጉልህ የወጣውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ የፋብሪካ ስም፣ የሞዴል ቁጥር፣ ልኬት፣ የዩኤል ወይም የኤፍኤም (ዕቃውን ፈትነው የሚያጸድቁ ድርጅቶች) ምልክት። ጽሑፍ ከሌለው፣ ሁለቱ ግማሾች የተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ፣ ወይም ሞዴሉ መመረት ካቆመ ሙሉ ኮፕሊንጉ ይቀየራል። የሌላ ፋብሪካ ጋስኬት በአሮጌው ኮፕሊንግ የብረት ቤት ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ ቢመሳሰልም ውፍረቱና የከንፈሩ ቅርጽ ይለያያል፣ የጸደቁትም ጋስኬቱና ቤቱ አንድ ላይ ተፈትነው ነው።

ምልክት፦ ብረቱ ተገናኝቷል፣ ግን ቀስ ብሎ ያንጠባጥባል

ጋስኬቱ ደርቋል። አውጥተው በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ምልክቱ ተመልሶ የማይሞላ ወይም ጎማው እንደተጨፈለቀ የቀረ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። አብጦና ለስልሶ ካገኙት ደግሞ ሲገጠም የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ተቀብቷል ማለት ነው። ለስፕሪንክለር የተለመደው ጎማ፣ ኢፒዲኤም፣ የነዳጅ ዘይት ውጤቶችን አይችልም። ፋብሪካው የሚፈቅደውን ማለስለሻ ብቻ በስሱ ይቀቡ።

ምልክት፦ አዲሱ ኮፕሊንግ አልዘጋ አለ፣ ወይም ዘግቶ ይወዛወዛል

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። «ሁለት ተኩል ኢንች» ተብሎ የሚሸጠው ቧንቧ በአሜሪካ ልኬት የውጭ ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 73.0 ሚሊሜትር፣ በአውሮፓ ልኬት 76.1 ነው። ስድስት ኢንቹም 168.3 ወይም 165.1 ሊሆን ይችላል፤ አምስቱ 141.3 ወይም 139.7። ሁለት፣ ሦስትና አራት ኢንች ግን በሁለቱም አንድ ናቸው፦ 60.3፣ 88.9 እና 114.3። ስለዚህ በኢንች ስም አይግዙ። ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ከሌለ ቀለሙን ፍቀው ዙሪያውን በሜትር ይለኩ፦ 229 ሚሊሜትር ከሆነ 73.0 ነው፣ 239 ከሆነ 76.1። አዲሱን ኮፕሊንግ ሲገዙም ይኸው ቁጥር እላዩ ላይ መኖሩን ይመልከቱ።

ምልክት፦ ኮፕሊንጉ ሲወጣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ግሩቭ (ኮፕሊንጉ የሚቆለፍበት በዙሪያው የወጣ ቦይ) የለም

አደገኛው ይህ ነው። አንዳንድ አሮጌ ኮፕሊንጎች ለስላሳውን ቧንቧ በጥርስ ነክሰው ይይዛሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጫፉ ላይ በተበየደ ቀለበት ላይ ያርፋሉ። የዛሬው የግሩቭ ኮፕሊንግ ለስላሳ ቧንቧ ላይ ቢታሰር ለጊዜው ውሃ ሊይዝ ይችላል፣ የሚቆልፈው ነገር ግን የለም። በ13.8 ባር አራት ኢንች ቧንቧን ከጫፉ የሚገፋው ኃይል 1.4 ቶን ገደማ ነው።

መፍትሄው ጫፉን ቆርጦ በማሽን አዲስ ግሩቭ ማውጣት ወይም ያንን ቁራጭ ግሩቭ ባለው ቧንቧ መተካት ነው። ለአራት ኢንች ከጫፍ እስከ ግሩቩ 15.88 ሚሊሜትር፣ የግሩቩ ስፋት 8.74፣ ጥልቀቱ 2.11፣ በግሩቩ ላይ የሚለካው የቧንቧው ዲያሜትር 110.08 ነው። ጥልቀቱ ካነሰ ኮፕሊንጉ አይዘጋም፤ ከበዛ ይላላል።

አገጣጠም

ከጫፍ እስከ ግሩቩ ያለውን ቦታ ከዝገት፣ ከቀለምና ከብየዳ ጉብታ ያጽዱ፤ ጋስኬቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጋስኬቱን ሙሉ በሙሉ አንዱ ቧንቧ ላይ ይግፉ፣ ሁለተኛውን ያስጠጉ፣ ከዚያ መሃል ላይ ይመልሱት፤ ወደ ግሩቩ እንዳይገባ። ዳዶዎቹን እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ጋስኬቱ ይቆነጠጣል፤ አዲስ ኮፕሊንግ ሲያፈስ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ተጣጣፊ ኮፕሊንግ (ቧንቧው በጥቂቱ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድ) የነበረበትን ቦታ በግትሩ፣ ማለትም በማያንቀሳቅሰው፣ አይተኩ። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላለ ሕንፃ ይህ ዋዛ አይደለም፦ ኤንኤፍፒኤ 13 (የዚያው ማኅበር የስፕሪንክለር ተከላ ደረጃ) የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ፣ ሁለት ተኩል ኢንችና ከዚያ በላይ በሆነ ቀጥ ብሎ በሚወጣ ቧንቧ ላይ፣ ከላይና ከታች ጫፉ በ60 ሴንቲሜትር ገደማ ውስጥ ተጣጣፊ ኮፕሊንግ ይጠይቃል።

አየሩን አስወጥተው ቀስ ብለው ውሃ ይሙሉ። ለውጡ ከ20 በላይ ስፕሪንክለር የሚነካ ከሆነ ክፍሉን ለይተው በ13.8 ባር ለ2 ሰዓት ይፈትኑ፤ ካነሰ በመደበኛው የሥራ ግፊት። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይቆልፉ፤ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ ያሉትን ተመሳሳይ ሞዴል ኮፕሊንጎች አንድ በአንድ እያዩ ይመዝግቡ።