ላብላብ ዘራሁ፣ ማሽላዬ ግን ያው ቢጫ ነው

እንደ ድሬ ሰው በግልጽ ላውራ። «እንደ ላብላብ ያለ የጥራጥሬ መኖ መሬት ያለማል ተባለ፣ አልሰራም» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ዘሩን ያለጥፋቱ ነው የሚከሱት። መዝራትና ማረሙን ታውቁታላችሁ፤ በቀጥታ ወደ ምልክቱ።

ችግኙ ቆሞ ቀረ። ከፍታው አልተስማማውም። ትሪ ሉሰርን የደጋ ዛፍ ነው፤ ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ላይ ናት፣ ይጠበሳል። ሉኪኒያ የተባለው የመኖ ዛፍ ደግሞ ቆላ ይወዳል፤ ከሐረር ዙሪያ ከፍ ባለው ቦታ ይለግማል። ከጥራጥሬዎቹ ለከፍታው ቬች፣ ለቆላው ካውፒና የርግብ አተር ይሻላል። ላብላብ ሁለቱንም ይችላል።

ቅጠሉ ገረጣ። ጎትታችሁ አትንቀሉት፣ የስሩ እባጮች አፈር ውስጥ ይቀራሉ። በዶማ ቆፍራችሁ አውጡ። ስሩ ላይ ካሉት ትንንሽ እባጮች አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሰብል የሚያፋፋውን ናይትሮጂን ከአየር እየያዘ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ስራ ፈት ነው። ጭራሽ እባጭ ከሌለ፣ ወይ ተስማሚው ባክቴሪያ መሬቱ ላይ የለም ወይ ዩሪያ በትናችሁበታል። ዩሪያ ያገኘ ጥራጥሬ ምን አስለፋው?

ላብላብና ካውፒ የለውዝን ባክቴሪያ ይጋራሉ፤ ባቢሌ በኩል ይህ ችግር እምብዛም ነው። ለቬች ባቄላ፣ ለአልፋልፋ ደግሞ አብሽ ከበቀለበት ጤነኛ ማሳ ጥቂት አፈር አምጥታችሁ በትኑ። ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ በድሬ ሙቀት ሲቀቀል የከረመ፣ በዘር ላይ የሚለወስ የባክቴሪያ ከረጢት አትግዙ። ሞቷል። ሻጩ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ቢምልም ሞቷል።

እባጩ በጣት ሲታሽ የማይለቅ፣ ራሱ የስሩ አካል ያበጠ ከሆነ ኔማቶድ (ስር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) ነው፤ እዚያ ካውፒ አትድገሙ።

ላብላቡ አማረ፣ የከርሞው ማሽላ ግን ያው። ዘወትር የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ሐረማያ በኩል አንድ ጎበዝ ገበሬ እርከኑን በላብላብ ሞልቶት ነበር። በዓመቱ ሲጠራኝ ማሽላው ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሆኗል።

«ቅጠሉን ምን አደረግከው?»

«ለሰንጋው።»

«ግንዱንስ?»

«ለፍየሎቹ።»

«ፍጉስ?»

«ለጫቱ ነዋ!»

«ታዲያ ማሽላው ምን ይብላ?»

«ስሩ ቀርቷል እኮ ጋሼ።»

ስሩማ ቀርቷል። ናይትሮጂኑ ግን በአብዛኛው ያለው ከመሬት በላይ ባለው ቅጠልና ግንድ ላይ ነው። ሰንጋው ከበላው ናይትሮጂን አብዛኛውን በፍግና በሽንት መልሶ ያወጣዋል፣ ያም ጓሮ ላለው ጫት ይሄዳል። እርከኑ አንድ ዓመት ሙሉ ጫቱን ሲቀልብ ከረመ ማለት ነው።

ድሬ ገጠር ደግሞ አንዲት እናት ፍሬው ደርቆ እስኪለቀም ጠብቀው አገዳውን ቀበሩት። ናይትሮጂኑ ከፍሬው ጋር ሄዷል። የደረቀው አገዳ ሲበሰብስ ደግሞ አፈሩ ውስጥ የነበረችውን ጥቂት ናይትሮጂን ለጊዜው ያዘባቸው።

መፍትሄው መካፈል ነው። የመጀመሪያው ዕጭድ ለከብቱ፣ ዳግመኛ ያቆጠቆጠው ለመሬቱ። አልችልም ካላችሁ ከዚያ ማሳ መኖ የወጣውን ፍግ ወደዚያው ማሳ መልሱ። ማበብ ሲጀምር ግንዱን በእጅ ጠምዝዙት፤ ውሃ ካወጣ ጊዜው አሁን ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አርፍዳችኋል። ከትክታችሁ በስሱ አፈር አልብሱት፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይታችሁ ሰብሉን ዝሩ። አፈሩ እርጥበት ከሌለው አይበሰብስም፤ ቀን ብቻ አትቁጠሩ።

ድሬ ላይ ዝናቡን በሙሉ ለአረንጓዴ ማዳበሪያ (እንዲህ ለሚቀበረው ተክል) አትስጡ፣ ለሰብሉ የሚተርፍ ውሃ አይኖርም። ሽልሻሎ (የበቀለው ማሽላ መሃሉ የሚታረስበት ጊዜ) ሲደርስ ላብላቡን በማሽላው መሃል ዝሩት። ከማሽላው ጋር በአንድ ቀን ከዘራችሁት ላብላቡ ተጠምጥሞበት ይጥለዋል። ነግሬያለሁ!

መኖውን ስታበሉም ተጠንቀቁ፦ ጤዛ ያልለቀቀው አልፋልፋ ከብት ሆድ ይነፋል፤ አጠውልጉት፣ መጀመሪያም ገለባ አብሉ። ሉኪኒያን ለአህያ አትስጡ፣ ጸጉሯ ይረግፋል።