የነዳጅ ድጎማ ከመነሳቱ በፊት ፖለቲካዊ አደጋውን እንዴት መመዘን ይቻላል?

ድጎማ እንዲነሳ የውሳኔ ሐሳብ የሚያዘጋጅ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው መንግሥት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚቆጥብ ነው። በቅድሚያ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ግን የዋጋ ጭማሪው ሥራ ላይ በሚውልበት ማለዳ ሕዝቡ በእጁ ምን ይዞ ይነሳል የሚለው ነው።

ለዚህ ኢራንን ሁለት ጊዜ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 በኮታ የሚሸጠው ቤንዚን በሊትር ከ1,000 ወደ 4,000 ሪያል ሲያሻቅብ ሰፊ አመፅ አልተነሳም። ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል ካሳ ታስቦ ገንዘቡ ከሳምንታት በፊት በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ጭማሪው እስኪጀመር ድረስ ማውጣት አይቻልም ነበር። በኖቬምበር 2019 ደግሞ የኮታው ዋጋ የጨመረው በ50 በመቶ ብቻ ነው፣ ከኮታ በላይ የሚቀዳው ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። ውሳኔው ሌሊት በድንገት ተነገረ፤ የካሳው ክፍያም ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ተጀመረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፣ ኢንተርኔትም ለቀናት ተዘጋ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የቀድሞው ክፍያ መጠኑ ሳይሻሻል በዋጋ ንረት ተበልቶ ስለነበር መንግሥት የገባውን ቃል የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ካሳው ከንረቱ ጋር እንዴት እንደሚስተካከል ከመጀመሪያው በሰነዱ ውስጥ መስፈር አለበት።

የቀኑም ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2012፣ ብዙ ሰው ለበዓል ወደ ትውልድ ቀዬው በሄደበት ሰሞን፣ የሊትር ዋጋን ከ65 ወደ 141 ናይራ ገደማ አሳደገች፤ መመለሻ ትራንስፖርት በአንድ ሌሊት ተወደደ። አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ተከትሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋው ወደ 97 ናይራ ወረደ።

በእኛ አገር ቁጣው ቀድሞ የሚታየው ከማደያው ይልቅ በታክሲ ተራ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ያደሙት በዓለም የነዳጅ ቀውስ ምክንያት በመጣ ጭማሪ እንጂ በድጎማ መነሳት አልነበረም፤ ይሁንና ዋጋው ቢቀነስም የመምህራኑና የወታደሩ ጥያቄ ተደርቦበት የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቀ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር በኩል እንዲቀጥል መደረጉ፣ አፈጻጸሙ የራሱ ጣጣ ቢኖረውም፣ በሐሳብ ደረጃ ትክክለኛውን ቦታ የለየ ነበር።

በመሆኑም አዲሱ የታክሲ ታሪፍ ከነዳጁ ዋጋ ጋር በአንድ ቀን መውጣት ይኖርበታል። በመጀመሪያው ማለዳም ባለሙያው ተራ ላይ ቆሞ ረዳቱ የሚጠይቀውን ሒሳብ ይመዝግብ፤ ከታሪፉ በላይ እየተጠየቀ የሚቆጣጠር አካል በቦታው ከሌለ፣ ቀጣዩ ጭማሪ እንዲዘገይ በዚያው ቀን በጽሑፍ ማሳሰብ አለበት።